ጅቡ የተወው ምስክር



በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከወንዙ ዳር ባለው ሰፈራችን ሌሊት የጅብ ድምፅ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፈው ወር ግን አንድ ማለዳ የጎረቤታችን አህያ ግማሽ አካሏ ተበልቶ ተገኘች። ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ የተሰበሰቡት ሰዎች ወዲያው ፈረዱ፤ «ጅብ ነው! መርዝ የነካው ሥጋ እንጣልለት» አሉ። መርዝ የጣለ ሰው ማንን እንደሚገድል አያውቅም፤ የሰፈሩ ውሻም አሞራውም ያገኘዋል፤ ሕፃን ልጅም ሊነካው ይችላል። በማግስቱ ተማሪዎቻችን «ጅብ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸውን ከታላላቆቹ ፍርድ የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

እንስሳ ሁሉ ባለፈበት ቦታ ከገላው አንዳች ነገር ይተዋል፤ ጠጉር፣ ዓይነ ምድር፣ በነከሰው ሥጋና በጠጣበት ኩሬም ምራቁን። በእነዚህ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር መለያ አለ። ተመራማሪዎች ከአፈር፣ ከውኃ ወይም ከንክሻው ላይ ጠርገው የወሰዱትን በቤተ ሙከራ ሲመረምሩ፣ አውሬውን ሳያጠምዱ ጅብ ይሁን ውሻ ይለያሉ። ከዓይነ ምድሩም ምን እንደበላና በሆዱ ውስጥ ምን ዓይነት ትል እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ፀሐይና ዝናብ ስለሚያበላሹት ግን ፈጥኖ መሰብሰብ ግድ ነው።

በአገራችን ዲ.ኤን.ኤ. ሳያስፈልገው በዚሁ መንገድ የሄደ ጥናት አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ 553 የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው ጅቦቹ የበሉትን እንስሳ በውስጡ ባገኙት ጠጉር ለዩ። 55 ቀን በሚፈጀው የዐቢይ ጾም የሥጋ ቤት ተረፈ ሥጋ ሲጠፋ፣ የአህያ ጠጉር የተገኘበት መጠን ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለካስ ጅቡን ወደ አህያ የሚመራው እኛ የምንጥለው አጥንት መጉደሉ ነው! በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ገምቷል።

ይህን ለጎረቤቶቻችን ነገርናቸው። አንዱ፣ «ምራቁ የጅብ ሆኖ ቢገኝስ?» አለን። ምራቅ የበላውን እንጂ የገደለውን አይናገርም፤ አህያዋ ቀድማ ሞታ ሊሆን ይችላል አልነው። ባለቤቷ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ ሰንበትበት ያለ ሕመም እንደነበረባት፣ ያን ዕለት ማታም ከደጅ እንደተዋት ተናገረ። የመርዙ ነገር በዚያው ቀረ።