ረሃብ ያሳደጋት እናት ስኳር ሲይዛት ማን ይጠየቅ?

"ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው" የሚለው ወሬ በከተማችን ሥር ሰዷል። አንዲት የሰፈር እናት ወገቧ ሰፋ ካለ "ተመችቷታል"፣ "ደልቷታል" ትባላለች። ስኳር ያዛት ሲባል ደግሞ "ድሮም አፏን አትይዝም" ተብሎ ጥፋቱ በእሷው ይላከካል። ኧረ ለመሆኑ ይህች ሴት ጠግባ የበላችው መቼ ነው? በልጅነቷ፣ ወንድሞቿ በልተው የተረፈውን ስትጠራርግ? ወይስ በ1977 ዓ.ም. በተራበች እናቷ ማህፀን ውስጥ ሳለች?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። ሕፃን በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምግብ ሲያጥረው ገላው መቆጠብ ይጀምራል። አንጎሉን ለማዳን ሲል ከጡንቻውና ከቆሽቱ ይቀንሳል፤ ያገኛትንም በስብ መልክ መሸሸግ ይለምዳል። ኋላ ዳቦው፣ ዘይቱና ስኳሩ ሲመጣ ያ አቅሙ የቀነሰ ቆሽት በቂ ኢንሱሊን ማድረስ ያቅተዋል። ስቡ ሆድ ላይ ይከመራል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ የደም ግፊቱም ይከተላል። ባጭሩ ለረሃብ የተዘጋጀ ገላ ምግብ ሲያገኝ ይታመማል።

ይህ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944/45 የብርድ ወራት ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ ዘጉ። የከተማው ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ያኔ በማህፀን የነበሩት ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ሐኪሞች መረመሯቸው፤ ስኳርን መቆጣጠር ከሌሎቹ ይልቅ ከብዷቸው ተገኘ። እናቶቻቸው በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ሴቶች ደግሞ ከእኩዮቻቸው ወፍረው ተገኙ። ወንዶቹ ላይ ይህ ውፍረት አልታየም። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከጦርነቱ በኋላ ሀብታም በሆነ አገር ነው።

በፊንላንድ ሄልሲንኪም እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1944 የተወለዱ ሰዎች የልጅነት የክብደት መዝገብ ተገላብጦ ነበር። ትንሽ ሆነው ተወልደው፣ እስከ ሁለት ዓመት ከስተው፣ ከዚያ በኋላ በፍጥነት የወፈሩት ናቸው በስኳርና በልብ ሕመም የተጠቁት። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን በብስኩትና በለስላሳ ያወፍር ማለት አይደለም። ወፍራም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም አዋቂ ይሆናል፤ የከሳው ዘግይቶ ሲወፍር ግን ዕዳው እጥፍ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የ77ቱ ረሃብ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ያገኛቸው ሕፃናት ሲያድጉ ቁመታቸው ከእኩዮቻቸው ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥሮ እንደተገኘ በጥናት ተረጋግጧል። ቁመቱ በዓይን ይታያል፤ የቆሽቱን ጉዳት ማን ያያል? እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አርባን ተሻግረዋል፤ ስኳርና ግፊት በር የሚያንኳኩበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

መንግሥታቱስ? በ1965 እና በ66 የወሎን ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። በመስከረም 1977 ሕዝብ እያለቀ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በፌሽታ አከበረ። በሰኔ 2015 ደግሞ ለተረጂ የመጣ እህል ሌላ ቦታ እየዋለ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ለወራት ነፍሰ ጡሯም፣ እመጫቷም ጦማቸውን አደሩ። እህሉን የበላው ጠግቧል፤ ሒሳቡን ግን ገና ያልተወለደችው ልጅ ናት የምትከፍለው።

እርግጥ ነው፣ የቀነጨሩ ሕፃናት ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበር፤ በ2011 ወደ 37 ወርዷል። መውረዱ ደግ ነው፣ አንክድም። ግን ከመቶ 37 ማለት እኮ ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ነው! መንግሥት በ2007 ዓ.ም. "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ብሎ እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን አጠፋለሁ ብሏል። ክቡራን ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ ቀኑ እየደረሰ ነው፤ በጦርነትና በመፈናቀል መሃል ቃሉ የት ደረሰ?

የሴቷ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ልጅ ሳለች ውሃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ፣ በማዕድ ግን የመጨረሻ ናት። የጋብቻ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ቢሆንም ገላዋ ሳይጠና የምትዳር ስንት አለች! ከስታ ታረግዛለች፤ ከሲታ ትወልዳለች። ሌላዋ ደግሞ ከተማ ገብታ ትወፍርና በእርግዝናዋ ስኳሯ ከፍ ይላል። ያኔ ለእሷም ለልጇም የኋላ ስኳር ቀጠሮ ተያዘ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከመጠን በላይ ቀጫጭኖች፣ 8ቱ ከመጠን በላይ ወፍራሞች ነበሩ። ሁለቱን እንደ ጠላት አገር ሰዎች አንያቸው፤ አንዷ የሌላዋ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የትምህርት ቤት ምገባ መልካም ነው፤ ግን ልጅቱ ትምህርት ቤት እስክትገባ ዋናው ጊዜ አልፏል። ምግቡ ለነፍሰ ጡሯና ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ይቅደም። በየጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡር ግፊት እንደሚለካ ሁሉ ስኳሯም ያለ ማጉላላት ይለካ። የእርዳታ እህል የበላም በአደባባይ ይጠየቅ። በየቤታችንም ለወንዱ የሚቆረሰው እንጀራ ለሴቷም እኩል ይቆረስ፤ ለዚህ እንኳ አዋጅ አያስፈልግም።

እስከዚያው ግን እባካችሁ፣ ስኳር የያዛትን እናት "ጠግባ ነው" አትበሉብን።