አሻራችን ድንበር ሲሻገር ሐቃችንስ አብሮ ይሻገራል?



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት የመስጂዱ በር ላይ ጠብቆኝ «ኡስታዝ፣ ጣትን ማቃጠል ሐራም ነው?» አለኝ። ራሱን ሊጎዳ ያሰበ መስሎኝ ደንግጬ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ነገሩ ሌላ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ የአረብ አገር ተይዞ ሲባረር የአስር ጣቱን አሻራ ሰጥቶ ነው የወጣው። አሁን ደግሞ ደላላ ወደ ሌላ የአረብ አገር ሊልከው ቃል ገብቶለታል። ጓደኞቹ «አሻራህ እዚያም ይታያል፣ ከኤርፖርት ይመልሱሃል» እያሉ አስፈራርተውታል። አንዱ መካሪ ነኝ ባይ ጣቶቹን በጋለ ብረት እንዲያስነካ ነግሮታል።

ሰውነታችን አማና ነው፣ ማቃጠል አይቻልም አልኩት። ጥቅምም የለውም። ላይ ላዩን የተቃጠለ ቆዳ ሲድን አሻራው ተመልሶ ይወጣል። በጥልቀት ከተቃጠለም ጠባሳው ራሱ መለያ ይሆናል። በፈረንሳይ ካሌ ከተማ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ይጠባበቁ ከነበሩ ስደተኞች መካከል ጣታቸውን ያቃጠሉ ነበሩ። ማሽኑ አላነብም ሲል ፖሊሱ ምን እንደተደረገ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ደግሞ ጣት ብቻ ሳይሆን ፊትም የዓይን ብሌንም ይነሳል። የትኛውን አቃጥለህ የትኛውን ትተዋለህ?

ወጣቱ ሄደ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። የጣቱን ነገር ተዉትና ስር ያለውን ጥያቄ እዩ። አንድ አገር የወሰደብኝን አሻራ ሌላው አገር ያየዋል ወይ? ካየውስ፣ ስህተት ቢኖርበት የት ሄጄ ነው የማርመው?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው አሻራ መስጠትን ሁሉ ከደጃል ጋር የሚያያይዘው ነው። ይህን የምታሰራጩ ወንድሞች፣ አላህን ፍሩ። ያለ ማስረጃ ሰውን ማስደንገጥ ዲን አይደለም። ሁለተኛው ግን የተማሩና የተከበሩ ሰዎችም የሚሉት ነው፤ «ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» ይላሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንድ ሙስሊም ወንድማችን ታሪክ ነው። ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 190 የሚያህል ሰው አለቀ። ሥራቸው በምንም የማይደገፍ ወንጀል ነበር። የስፔን ፖሊስ የቦምብ ማቀጣጠያ ከተገኘበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የጣት አሻራ አገኘ፤ ምስሉንም በኢንተርፖል በኩል ለሌሎች አገሮች ላከ። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ገዳይ ድንበር ተሻግሮ ከሸሸ መረጃውም ድንበር ተሻግሮ መፈለግ አለበት።

የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ አሻራውን በኮምፒውተሩ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ 20 ተመሳሳይ አሻራዎችን አወጣለት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎቻችን ማሽኑ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ የሚወስን ይመስለናል። ማሽኑ የሚለው «እነዚህ ይቀራረባሉ» ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ሰው ነው። ከሃያዎቹ መካከል በአራተኛ ደረጃ የተቀመጠው ብራንደን ሜይፊልድ የሚባል ጠበቃ ነበር። ኦሪገን የሚኖር፣ እስልምናን የተቀበለ፣ ግብፃዊት ያገባ፣ የልጆች አባት። አሻራው መዝገቡ ውስጥ የነበረው በጦር ሠራዊት ስላገለገለ ነው። አገሩን ሲያገለግል የሰጠው አሻራ ማለት ነው።

የኤፍ ቢ አይ ባለሙያዎች አሻራው መቶ በመቶ የእሱ ነው አሉ። ሰውየው ግን ለዓመታት ከአሜሪካ የወጣበት መዝገብ አልነበረም፤ ፓስፖርቱም ጊዜው አልፎበታል። ንጹሕነቱን ማሳየት የነበረበት ይህ ነገር ተገልብጦ ሌላ ጥርጣሬ ሆነበት፤ በሐሰተኛ ስም ተጉዞ ይሆናል ተባለ። ሱብሓነላህ! ብትጓዝ ተጓዝክ ነው፣ ባትጓዝ ደብቀህ ነው። ቤቱን በሌለበት በድብቅ ገብተው ፈተሹ። መስጂድ መሄዱና በሽብር የተከሰሰ ሰውን በልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ ጥብቅና መቆሙም ተቆጠረበት።

ስፔኖቹ በሚያዝያ አጋማሽ «እኛ ስናነጻጽር አልገጠመም» ብለው ለአሜሪካኖቹ ጽፈው ነበር። አልተሰሙም። ግንቦት 6 ቀን ሜይፊልድን አሰሩት። ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም «የእሱ ነው» አለ። በዚያው ቀን፣ ግንቦት 19፣ የስፔን ፖሊስ የአሻራውን ባለቤት ማግኘቱን አስታወቀ፤ አንድ አልጄሪያዊ ነበር። ሜይፊልድ ከሁለት ሳምንት እስር በኋላ ተፈታ። ኤፍ ቢ አይ ይቅርታ ጠየቀ። በ2006 መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለው።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የውስጥ መርማሪ በኋላ ጉዳዩን ሲያጣራ የመጀመሪያው ስህተት በሃይማኖቱ ምክንያት የመጣ አይደለም አለ። አሻራዎቹ በእርግጥም በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ስፔኖቹ ተቃውሞ ሲያቀርቡ ግን ባለሙያዎቹ ደግመው በቅንነት እንዳያዩት የሰውየው ሙስሊም መሆን አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም ብሏል። ይህን ሳነብ የመጣልኝ መድረሳ የተማርነው «ተበዩን» ነው፤ ማጣራት። ማሽኑ ሲሳሳት ብርቅ አይደለም። የሚያጣራው ሰው ቀድሞ በልቡ ፈርዶ ከመጣ ነው ዙልም የሚሆነው።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ሜይፊልድ ዜጋ ነበር፣ ጠበቃ ነበር፣ እንግሊዝኛው የአፍ መፍቻው ነው፣ ፍርድ ቤቱ ከቤቱ የመኪና መንገድ ነው። ያንን ሁሉ ይዞ ያዳነው የሌላ አገር ፖሊስ ሐቀኝነት ነው። በእሱ ቦታ የቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች የከሚሴ ልጅ ብትሆንስ? ያውም ፓስፖርቷ አሠሪዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ?

ሁለተኛው ታሪክ የሮሂንጋ ወገኖቻችን ነው። ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ከማይናማር ጭፍጨፋ ሸሽቶ ባንግላዴሽ ገባ። በካምፕ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና የባንግላዴሽ መንግሥት አሻራና ፎቶ እየወሰዱ ካርድ ሰጡ። ካርዱ ከሌለ እርዳታ ማግኘት ያስቸግራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2021 እንዳጋለጠው ባንግላዴሽ ቢያንስ የ830 ሺህ ሰዎችን ስም፣ ከፎቶና ከአውራ ጣት አሻራ ጋር፣ ለማይናማር መንግሥት አስተላልፋለች። ሸሽተውት ለመጡት መንግሥት! ምክንያቱ ማን ሊመለስ እንደሚችል ለማጣራት ነው ተባለ። ኮሚሽኑ ፈቃድ ጠይቀናል ይላል። ድርጅቱ ካነጋገራቸው 24 ስደተኞች መካከል የተሰጣቸውን ወረቀት ማንበብ የቻሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ «ይተላለፍ» የሚለው ሳጥን ላይም ምልክት ተደርጎበታል። ይመለሱ ከተባሉት ውስጥ ይህን ሲሰሙ ሌላ ካምፕ ሄደው የተደበቁ አሉ።

እዚህ ቴክኖሎጂው አንድም ስህተት አልሠራም። አሻራው ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው። የጠፋው አማናው ነው። ሩዝ ለመቀበል የሰጠኸው ጣት ለሌላ ጉዳይ ዋለ።

ከጎረቤታችን ኬንያም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ያውም ድንበር ሳይሻገር። በጋሪሳና አካባቢው የሚኖሩ የኬንያ ሶማሌዎች በድርቅ ጊዜ ለራሽን ብለው በዳዳብ ስደተኛ ነን ብለው ተመዘገቡ። ልጆቻቸውም አብረው ተመዘገቡ። ልጁ አድጎ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ አሻራው የስደተኞች መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ «አንተ ኬንያዊ አይደለህም» ይባላል። መታወቂያ ከሌለ ሥራ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ በኬላ ማለፍም ፈተና ነው። ወላጆቹ እውነት አልተናገሩም፣ ልክ ነው። የረሃብ ቀን ውሳኔ በልጅ ላይ ለዓመታት ሲፈርድ ግን ሐቅ አይደለም።

ይህን ስል መረጃ መለዋወጥ ሁሉ ይቁም ማለቴ አይደለም። ልጆቻችንን በሊቢያ በረሃ በቤዛ የሚሸጠው አዘዋዋሪ በሦስት ፓስፖርት ሲንቀሳቀስ የሚይዘው አሻራው ነው። በሌላ ሰው ስም ተጉዛ አገር ቤት ቤተሰብ የሌላት ሆና የሞተችን እህት ማንነት ለማወቅም ሊረዳ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) በውሳኔ 2396 አገሮች ሽብርተኞችን የሚለዩበት የባዮሜትሪክ ሥርዓት እንዲዘረጉ አዟል። አውሮፓ ዩሮዳክ የሚባለውን የጋራ የአሻራ መዝገብ ከ2003 ጀምሮ ይጠቀማል፤ ጣሊያን ገብተው አሻራ ሰጥተው ስዊድን ሲደርሱ «ተመለሱ» የተባሉ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። ከ14 ዓመት ጀምሮ ይወሰድ የነበረው አሻራ በ2024 በጸደቀው ሕግ ወደ 6 ዓመት ወርዷል፣ የፊት ምስልም ተጨምሮበታል። የስድስት ዓመት ልጅ! ቁርኣን ቤት «አሊፍ፣ ባ» የሚቆጥረውን አስቡት።

ይህ ነገር እየሰፋ ነው፣ እኛ ስለጠላነው አይቆምም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። አሻራው በሰከንድ ድንበር ይሻገራል። የማረሚያው አቤቱታ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ኤምባሲ በር ላይ ወረፋ ይዞ፣ በማያነበው ቋንቋ። አንዱ አገር ስህተቱን ቢያርም እንኳ መረጃውን የተቀበለው ሌላው አገር እንዲያርም የሚያስገድደው ማነው? የይለፍ ቃል ቢሰረቅብህ ትቀይረዋለህ። ጣት አይቀየርም።

አገራችንም በዚህ መንገድ ላይ ናት። ለፋይዳ የአስር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይንና የፊት ምስል ሰጥተናል። እኔም ሰጥቻለሁ፤ ጥቅሙንም አልክድም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባዮሜትሪክን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉ መረጃዎች መድቦታል፤ መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ደንግጓል፤ የተሳሳተን የማስታረም መብትም ሰጥቶናል። ሕጉ አለ። ሕግ የተማራችሁ ወጣቶች እስኪ አንብቡትና በዚሁ ገጽ አስረዱን። መንግሥታችን ከሌላ አገር ጋር የዜጎችን አሻራ የሚመለከት ስምምነት ሲፈርም ይዘቱ ለሕዝብ ይገለጽ፣ ኤምባሲዎቻችንም አሻራው በስህተት ለተያዘበት ዜጋ የሚከራከር ሰው ይመድቡ ብሎ መጠየቅም መብታችን ነው። ዑለማዎቻችንና መጅሊሳችን ስለ ሐጅ ኮታ እንደሚነጋገሩት ስለዚህም ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል። በየዓመቱ ለሐጅና ለዑምራ የሚሄደው ሰው አሻራውን ነው የሚሰጠው።

ወንድሜ፣ አንተም የቪዛ ፎርም ስትሞላ ለደላላው «አንተው ፈርምልኝ» አትበል። የት፣ መቼ፣ ለማን አሻራ እንደሰጠህ ጻፈው። እህቴ፣ በማታነቢው ወረቀት ላይ ሳጥን ከመሙላትሽ በፊት የሚያነብ ሰው ፈልጊ። አንድ ቀን ይፈጃል እንጂ አይጎዳም።

ያ ወጣት ትናንት ተመልሶ መጣ። ጣቶቹ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ሲባረር የፈረመበትን ወረቀት ላስቲክ ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጦት ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አንብቦለት አያውቅም። በአረብኛ ነው። ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አነበብኩለት። የስሙ አጻጻፍ ስህተት ነው፣ የአባቱ ስም የሌላ ሰው ነው። አሻራው ግን የእሱ ነው። «ታዲያ ይህን የሚያስተካክልልኝ ማነው?» አለኝ። በመጪው ሰኞ የሚመለከተው ቢሮ አብሬው ልሄድ ተቀጣጥረናል፤ ማመልከቻውን ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ እንጽፋለን።