የፎቶግራፍ ሥራችን በኪራይ ይሁን?

የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ሊመርጥ ነው፤ ብዙዎቹ ወንድሞቻችን ላይትሩም ይሁን ይላሉ። መልካምነቱን አንክድም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀረው የመጨረሻው ላይትሩም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው 6ኛው ነው፤ የዛሬው በየወሩ ይከፈልበታል። የተማሪ ኪስ በወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቃል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን ድካማችን ነው። አፕል በ2005 ያወጣውን አፐርቸርን እንደሚያቆም በ2014 አስታወቀ፤ ከዚያ ወደ ላይትሩም የተሻገሩት ፎቶዎቻቸውን እንጂ የብርሃንና የቀለም እርማታቸውን ይዘው አልሄዱም።

ዳርክቴብል የተባለው ግን በነፃ ይገኛል፤ ኮዱ ክፍት ስለ ኾነ አዘጋጆቹ ቢተዉት ሌላ ሊቀጥለው ይችላል። እርማቱንም በየፎቶው አጠገብ በትንሽ ፋይል ያኖራል። እርግጥ ለመልመድ ያስቸግራል፤ እኛም ሁለት ሳምንት ተንገላተንበታል። ቢኾንም ገንዘብ ያዣችን ሳይፈርም በፊት ይሞከር እንላለን።