ዓሣው ሳይገዛ ውሃው ይቆጠር

ባለፈው ሳምንት ርዝመትን፣ ወርድንና ቁመትን ማባዛት ተምረናል። ዛሬ ትምህርቱን ሥራ ላይ እናውለው።

በፈረስ መጋላ የማታ ክፍላችን አንድ አሳብ ተነሥቷል። በክፍሉ ጥግ የመስታወት ገንዳ አስቀምጠን፣ ተክል ተክለን፣ ትንንሽ ዓሦች እናኑርበት የሚል ነው። ብዙዎቻችን ደስ አለን። አንዲት እናት ግን፣ «ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ዓሣ ይዋኝ ትላላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ከዓሣው በፊት ውሃውን እንቁጠር።

ገንዳው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሲባዛ 160,000 ይመጣል። ለ1,000 ሲካፈል 160 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 8 ጀሪካን መሆኑ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ውሃው ብቻ 160 ኪሎ ስለሆነ ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን።

ውሃ ሳይቆጠር ሲቀር የሚሆነውን እኛ የሐረር ሰዎች እናውቃለን። የሐሮማያ ሐይቅ ሐረርን ለብዙ ዓመት አጠጥቷል። ከተማው ቀዳ፤ አትክልቱና ጫቱም በሞተር ጠጣ፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል ሐይቁን ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ዓሣውም አብሮ አለቀ። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል። ትምህርቱን ግን አንርሳው፤ ከሚገባው የሚወጣው ከበለጠ ሐይቅም ያልቃል።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። አንዱ ተማሪ፣ «ቆሮሶ እናስገባ» ብሎ ነበር። አይሆንም። ቆሮሶ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ተክሉንም ይበላል። ነገር ግን ትንንሽ ዘመዶች አሉት። ድንክ ቺክሊድ ይባላሉ። ከነሱ አንዱ ክሪቤንሲስ ነው። አገሩ ናይጄሪያና ካሜሩን ነው። ወንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሴቷ ታንሳለች፣ ሆዷም ቀይ ነው። እንቁላሏን በዋሻ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ እናትና አባት አብረው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ የቀረበውን ሁሉ ያባርራሉ።

ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ይበቃሉ። ለዋሻ ታጥቦ የጸዳ ስባሪ ጀበና ይሆናል። ክሪቤንሲስ አሸዋ ስለሚቆፍር፣ ከድንጋይ ጋር የሚታሰር አኑቢያስ የተባለ ተክል እንመርጣለን። ለጎረቤት 10 ኒዮን ቴትራ እንጨምራለን። ኒዮን የደቡብ አሜሪካ ትንሽ ዓሣ ነው፤ በመንጋ ሆኖ በመካከል ይዋኛል። ወለል ላይ የሚኖር ሌላ ዓሣ አናስገባም፤ ጠብ ይሆናላ! የሐረር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ለሁሉም 25 ዲግሪ ስለሚስማማ ማሞቂያ ያስፈልጋል። የውሃ ማጣሪያም እንዲሁ።

ገንዳው እንደተሞላ ዓሣ አይገባም። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ይገድላል። አሞኒያን የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ እስኪራቡ ድረስ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንታገሣለን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እንለውጣለን። የ8 ጀሪካን ሩብ 2 ጀሪካን ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በሳፋ ተገልብጦ አንድ ቀን ይደር። የወጣው ውሃም አይደፋም። ለተክል ማዳበሪያ ነውና ችግኞቻችንን እናጠጣበታለን።

ያቺ እናት ይህን ሰምተው፣ «ጥሩ፤ ሁለቱን ጀሪካን የሚሸከመው ማነው?» አሉን። ዝም አልን!

ስለዚህ በግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፈናል። የ12 ሳምንት ተራ አለው። ውሃ የሚያመጣ ሰው ስሙን ይጻፍ። የጣት አሻራ አንቀበልም። ወረቀቱ ካልሞላ ዓሣ አይገዛም። የመጀመሪያውን ስም የጻፉት እኚሁ እናት ናቸው።

ጥያቄ፦
1. ገንዳው ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስንት ሊትር ይይዛል?
2. በ12 ሳምንት ስንት ጀሪካን እንለውጣለን?
3. የሐሮማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ? በሦስት መስመር ጻፉ።