«ጥጋብ ነው» ይላል ባለቤቴ፤ ጫጩቶቼ ግን እየከሱ ነው!

ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር፣ የትዳርና የቅናት ናቸው። ዛሬ የያዝኩት ደብዳቤ የመጣው ከጉራጌ፣ ከሶዶዋ ቡኢ ከተማ ነው። እዚህም ውስጥ ትዳር አለ፣ ጠብም አለ። ጠቡን የጫሩት ግን ሌላ ሴት ወይም መጠጥ ሳይሆኑ 60 ጫጩቶች ናቸው! ጸሐፊዋ ስሟ እንዲጠቀስ አልፈለገችም። ጉዳይዋን በአጭሩ እንዲህ ታስረዳለች፦

«የእቁብ ዕጣ ደረሰኝና 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁበት። ባለቤቴ ገንዘቡን ለሱቁ ፈልጎት ስለነበር አኮረፈኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት የፋብሪካ መኖ ሰጠኋቸው፣ ደህና ነበሩ። መኖው ሲያልቅ ዋጋው ከበደኝና የተከካ በቆሎና የቆጮ ፍርፋሪ መስጠት ጀመርኩ። አሁን ወር ሊሞላቸው ነው። ምግቡ ፊታቸው ተከምሮ ቀመስ ያደርጉና ይተዉታል። ላባቸው በወጉ አልወጣም፤ የወጣውንም እርስ በርስ ይነጫጫሉ። ክትባታቸውን ወስደዋል፣ ኩሳቸው ደህና ነው፣ ሌሊትም ሳይታፈጉ ተበታትነው ነው የሚተኙት። ባለቤቴ ‹ጥጋብ ነው! የእናቴ ዶሮዎች ያለ ፋብሪካ መኖ ጭረው ነው ያደጉት› ይለኛል። አማቴ ደግሞ ‹የሰው ዓይን ነው› ይላሉ። የእቁቡን ክፍያ ገና አልጨረስኩም። ጫጩቶቹ ካለቁብኝ ቤቴ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ መኖር አልችልም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ደግሞም ምልክቶቹን በደንብ አስተውለሽ መጻፍሽ ግማሹን ሥራ አቅልሎልኛል። ሌሎች አንባቢዎች ግን ልብ በሉ፤ ጫጩት መብላት ስታቆም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ብርድ፣ የውሃ እጥረትና በሽታ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ማደሪያዋ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ጫጩቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተከምረው ከተኙ በርዷቸዋል ማለት ነው። ኩሱ ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል። ፈንግልም አለ፤ እሱ ከገባ ቤት ሙሉ ዶሮ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው የእኔን ዓምድ ትቶ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይሩጥ።

አንቺ ግን እነዚህን ተሻግረሻል። እንግዲህ የቀረው የመኖው ጉዳይ ነው። ነገሩ ጥጋብም ዓይንም አይመስለኝም። ጫጩቶችሽ የጎደለባቸው አሚኖ አሲድ ነው!

አሚኖ አሲድ ምንድነው? ፕሮቲንን እንደ ጨሌ አስቢው። ጨሌው የሚሰካው ከ20 ዓይነት ዶቃዎች ነው፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ሥጋውም፣ ላባውም፣ ደሙም የራሱ አሰካክ አለው። ከዶቃዎቹ ግማሽ ያህሉን ጫጩቷ ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለባት። አንዱ ቀለም ካለቀ ሌሎቹ እፍኝ ሙሉ ቢሆኑ እንኳ መሰካቱ ይቆማል። በቆሎ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ዶቃዎች ያንሱታል። ቆጮ ደግሞ ስታርች እንጂ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ላባ ራሱ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ በተለይ ሜታዮኒን የሚባለውን ይፈልጋል። ላባቸው አለመውጣቱና እርስ በርስ መነጫጨታቸው ከዚሁ ጋር ሊያያዝ የሚችል ነገር ነው።

«እሺ፣ ከጎደላቸው ታዲያ ለምን አብዝተው አይበሉም?» ትይኝ ይሆናል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው! መብላትና መተውን የሚወስነው ሆድ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ነው። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ በደም ውስጥ ምን እንደገባና ምን እንደጎደለ መልእክት ይደርሰዋል። ጉድለቱ ትንሽ ሲሆን ጫጩቷ ለማካካስ ትንሽ ጨምራ ልትበላ ትችላለች። ጉድለቱ ሲበረታ ግን የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል። ምክንያቱም የማይሰኩት ትርፍ ዶቃዎች ተፈጭተው መወገድ አለባቸው፤ ይሄ ለሰውነቷ ዕዳ ነው። ስለዚህ አንጎሏ «ይህን ምግብ ተይው» ይላታል። አየሽ፣ ፊቷ የተከመረውን በቆሎ የተወችው ስለጠገበች አይደለም። የምትፈልገው እዚያ ውስጥ ስለሌለ ነው።

ይህን ነገር ተመራማሪዎች በትናንሽ ጫጩቶች አንጎል ላይ ሳይቀር አጥንተውታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በቀጥታ ወደ ጫጩቶች አንጎል ቢያስገቡት ጫጩቶቹ አብዝተው በሉ። የሉሲን የቅርብ ዘመዶች የሆኑት አይሶሉሲንና ቫሊን ግን እንዲህ አላደረጉም። የሚገርመው በ2006 እ.ኤ.አ. ያው ሉሲን በአይጦች ሃይፖታላመስ ሲሞከር አበላላቸውን ቀነሰ! ግሬሊን የሚባለውም ሆርሞን እንዲሁ ነው፤ እኛን ሰዎችን ያስርበናል፣ የጫጩትን አንጎል ሲነካ ግን መብላት ያስተዋል። ትሪፕቶፋን ደግሞ በአንጎል ውስጥ ወደ ሴሮቶኒን ይለወጣል፤ ሴሮቶኒን «በቃኝ» የሚያሰኝ መልእክተኛ ነው። ይሄ ሁሉ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፣ እቤት የሚሞከር አይደለም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። ጫጩት ትንሽ ሰው አይደለችም፤ ረሃቧንና ጥጋቧን በራሳችን ሆድ መለካት አንችልም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «የእናቴ ዶሮዎች ጭረው ነው ያደጉት» ያለው እውነቱን ነው። እኔም አልክደውም። ግን ጭረው ምን ነበር የሚያገኙት? ትል፣ ምስጥ፣ አንበጣ፣ ለምለም ሣር! «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ላይሲንና ሜታዮኒንም ታወጣለች እላለሁ። እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ጓሮ ለጓሮ እየመራች የጎደለውን ታሟላላቸዋለች። ያንቺዎቹ ግን እናት የላቸውም፤ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው የሚበሉት አንቺ ያቀረብሽላቸውን ብቻ ነው። የእናት ዶሮዋን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ ማለት ነው።

ደግሞም ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ቆጮ ባዶውን ጠዋትና ማታ ቢቀርብለት ስንት ቀን ይበላል? የጉራጌ እናቶች ቆጮን ከክትፎ፣ ከአይብ፣ ከጎመን ጋር ያገናኙት አሚኖ አሲድ የሚባል ስም ከመሰማቱ በፊት ነው። እንጀራ በሽሮ የምንበላውም ያው ነው፤ እህሉ የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬው ይሞላለታል፣ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜታዮኒን እህሉ ይሰጠዋል። ታዲያ ለራሳችን ያወቅነውን ለጫጩት ለምን እንከለክላታለን?

ወደ መፍትሔው ልግባ። አቅምሽ ከፈቀደ እስከ ሁለት ወር ድረስ የጫጩት መኖ ተብሎ የተዘጋጀውን መግዛት የሚበልጠው ነገር የለም። የጫጩት መኖ ከመቶ ከ18 እስከ 22 ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ በቆሎ ብቻውን 9 ያህል ቢኖረው ነው። ሁሉንም መግዛት ካልቻልሽ ግማሹን ገዝተሽ ግማሹን ቤት ውስጥ በተዘጋጀ ድብልቅ አሟዪው። ለ10 ኪሎ ድብልቅ በግምት እንዲህ አስቢ፦

የተከካ በቆሎ 6 ኪሎ፤ ከዚህ 540 ግራም ፕሮቲን ይገኛል።
ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 2 ኪሎ ተኩል፤ ከዚህ 925 ግራም ያህል ይገኛል።
የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ተኩል፤ ከዚህ 450 ግራም ያህል ይገኛል።

ድምሩ 1915 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 19 ያህል ነው። አኩሪ አተሩ ላይሲን ያመጣል፤ ፋጉሎው ላይሲኑ ቢያንስም በሜታዮኒን ያግዛል። በዚህ ላይ የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቀሽ በመመሪያው መሠረት ጨምሪበት፤ ያለሱ አጥንታቸው አይጠናም።

ሦስት ነገር አደራ! አኩሪ አተሩን ጥሬውን አትስጪ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፣ መቆላት ግዴታ ነው። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ፤ ሻጋታው መርዝ ነው። ፋጉሎው ገለባ ስለሚበዛው ለጫጩት ከዚህ በላይ አታብዢው። መኖውንም ባንድ ቀን አትቀይሪ፤ በአራት አምስት ቀን ቀስ እያልሽ አለማምጂያቸው። ቆጮውን ግን ለሰው ተዪው። ምስጥ ካገኘሽ በተንላቸው፤ እንዴት እንደሚሻሙ ታያለሽ!

ሌላም መንገድ አለ። ላይሲንና ትሪፕቶፋኑ የተሻሻለ የበቆሎ ዝርያ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢቫንጀሊና ቪሌጋስና ሱሪንደር ቫሳል የተባሉ ተመራማሪዎች የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። ዝርያው ወደ አገራችንም ገብቷል። መሬት ያላችሁ አንባቢዎች የግብርና ጽሕፈት ቤታችሁን ጠይቁ፤ ለዶሮም ለልጅም ይሆናል።

እህቴ፣ ለአማትሽ በክብር «እማማ፣ ዓይኑ እንዳለ ሆኖ መኖውንም ላስተካክል» በያቸው፤ አትከራከሪያቸው። ከባለቤትሽ ጋር ግን በቃል አትሟገቺ፤ በቃል የሚያሸንፍ ባል የለም፣ የምታሸንፍ ሚስትም የለችም። ይልቅ ሚዛን አምጪ። ዛሬ አሥር ጫጩቶች በአንድ ቅርጫት አድርገሽ መዝኚ። ቅርጫቱን ቀንሺና ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፊው፤ እግራቸውንም በክር እሰሪ፣ እንዳይሳሳቱብሽ። መኖውን ቀይሪና በአሥረኛው ቀን እነዚያኑ አሥሩን መልሰሽ መዝኚ። ያን ቀን የሚመዝነው እሱ ይሁን፤ ሱቅ ያለው ሰው ሚዛን ማንበብ አያቅተውም!