የጎማ ነፋስ በልክ ይሁን

የመኪና ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በጎማዎቹ ላይ ሆኖ ሳለ፤ የጎማን ነፋስ መጠበቅ ለሾፌር ብቻ የተተወ ሥራ መስሎ መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

ነፋሱ ያነሰ እንደ ሆነ የጎማው ዳርና ዳር ያልቃል፤ የበዛ እንደ ሆነ መካከሉ ይበላል፤ አንድ ወገን ብቻ ሲያልቅ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማዎቹ አሰላለፍ መዛባት ነውና ነፋስ መጨመር አያድነውም። ነፋስ ያነሰው ጎማ በቆላ መንገድ እየጋለ ሊፈነዳና ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ትክክለኛውን ልክ ሠሪው ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር አጠገብ ጽፎታል። የሚለካውም በማለዳ፤ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፤ በመለኪያ ነው እንጂ በእግር ረግጦ በመገመት አይደለም።

ስለዚህ ንብረት በአደራ የተቀበለ ሹም ሁሉ ይህ በየወሩ መፈጸሙን ራሱ ሊቈጣጠር ይገባዋል። የጎማው ዋጋ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የተሳፋሪው ሕይወት ግን በገንዘብ አይተካም።