ስፖርተኛ ምን ያህል ወተት ይጠጣ?

ወተት የተከበረ ምግብ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዳ ሲመጣ ወተት ይቀርብለታል፤ የታመመም ሲያገግም ወተት ይጠጣ ይባላል። ስለዚህ እኔ ብዕሬን ያነሣሁት የወተትን መልካምነት ለመካድ አይደለም። ክርክሬ ስለ መጠኑ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤታችን ሰውነታቸውን ለማጎልመስ የሚደክሙ ወንድሞች ከዓመት ወደ ዓመት እየበረከቱ ሄደዋል። በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው ባበጁት ክብደት ማለዳ ማለዳ መለማመዳቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ «ጡንቻ የሚገኘው በወተት ነው» በማለት በቀን ሁለትና ሦስት ሊትር ለመጠጣት ይጣጣራሉ። ይህ ልማድ በአሜሪካ ክብደት አንሺዎች ዘንድም የታወቀ ሲሆን፣ ቶሎ ለመወፈር የሚሹ ሰዎች በቀን አንድ ጋሎን፣ ይኸውም 3.8 ሊትር ያህል፣ ይጠጣሉ። እኔ ግን በበኩሌ ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ከሌላው ምግብ ጋር ይበቃናል ባይ ነኝ። ምክንያቴንም እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ብርጭቆ፣ ማለት የሊትር ሩብ ያህል፣ ቅባቱ ያልወጣ ወተት 8 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም ስብ፣ 12 ግራም ስኳርና 150 ያህል ካሎሪ አለው። ለአጥንት የሚጠቅመው ካልሲየምም 300 ሚሊግራም ያህል ይገኝበታል። ከልምምድ በኋላ ውሃን፣ ፕሮቲንንና ስኳርን ባንድነት ስለሚሰጥ ለደከመ ሰውነት እጅግ ተስማሚ ነው። እንግዲህ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነና ጡንቻውን የሚያለማምድ ወጣት በቀን ወደ 96 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ይኸውም ለአንድ ኪሎ 1.6 ግራም ማለት ነው። ሦስት ሊትር ወተት ብቻውን ይህን ሁሉ ይሞላል፤ ደግሞም ከ1,800 ካሎሪ በላይ ይጨምራል። በዚህ ላይ እንጀራውና ወጡ ሲታከል ትርፉ ወዴት ይሄዳል? ሰውነት ትርፍ ፕሮቲንን ጡንቻ አድርጎ አያስቀምጥምና፣ የማይሠራበት ኃይል ስብ ሆኖ በሆድ ዙሪያ ይከማቻል። ጡንቻን የሚያሳድገው ልምምድ ነው፤ ምግብ የሚያቀርበው መሥሪያውን ዕቃ ነው። ሳይለማመዱ በወተት ብቻ ጡንቻ መመኘት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛ፣ ሆዱን በወተት የሞላ ሰው ሌላውን ምግብ ይተዋል። ወተት ግን ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል። ብረት ያነሰው ደም ደግሞ ኦክሲጅንን እንደሚገባ ወደ ጡንቻ አያደርስምና ሯጩ ቶሎ ይደክማል። ይህ ነገር በተለይ ለእህቶቻችን ብርቱ ማሳሰቢያ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ምግብም ሲተባበር ነው ኃይል የሚሰጠው። የምስርና የሽሮ ፕሮቲን የጎደለውን የጤፍ ፕሮቲን ይሞላለታል፤ የጤፍንም ጉድለት ምስሩ ይሞላለታል። ረቡዕና ዓርብን እንዲሁም የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት የሚጾሙ ጓደኞቻችን ወተት ሳይቀምሱ በሜዳ ላይ ሲሮጡ የምናያቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ታዲያ አርብቶ አደሮች ወተት በብዛት እየጠጡ ብርቱዎች አይደሉምን?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእነርሱ ወተት ዋና ምግብ እንጂ በእንጀራ ላይ የሚደረብ ትርፍ አይደለም። ከብቶቻቸውንም ተከትለው ቀኑን ሙሉ ይጓዛሉ። እኛ ግን አብዛኛውን ቀን በወንበር ላይ ተቀምጠን እንውላለን።

ሦስተኛ፣ የሁሉም ሆድ አንድ አይደለም። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሕፃንነት በኋላ የሚቀንስባቸው ሰዎች ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህል ናቸው። ወተት ሲበዛባቸው ሆዳቸው ይነፋል፤ ያስቀምጣቸዋልም። እንዲህ ላለው ሰው እርጎ ይሻለዋል፤ የወተቱን ስኳር ከፊሉን ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ለውጠውታልና። ጥሬ ወተት ደግሞ ለማንም አይመከርም። ብሩሴሎሲስንና የከብት ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ፈልቶ ወይም በፓስተር ዘዴ ተሞቆ ሊጠጣ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን የመጨረሻው ምክንያት ነው። ለብዙዎቻችን ቤት ወተት በየዕለቱ የሚገዛ ውድ ነገር ነው። ታላቁ ልጅ ለክንዱ ውበት ሁለት ሊትር ሲጠጣ፣ ጡት የጣለው ታናሽ ወንድሙ ወይም እህቱ በሻይ ብቻ ቁርስ ቢያደርጉ ይህ ስፖርት ሳይሆን ራስን መውደድ ነው። የሕፃኑ አጥንት ዛሬ ነው የሚሠራው፤ የእኛን ፕሮቲን ግን ባቄላውም፣ ምስሩም፣ ሽንብራውም በቅናሽ ዋጋ ሊሰጠን ይችላል። ወላጆችም ልጃቸው «ለስፖርት ነው» ብሎ ተጨማሪ ወተት ሲጠይቃቸው ጥያቄውን በዚህ ሚዛን እንዲመዝኑት በትሕትና አሳስባለሁ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከልምምድ በኋላ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ወይም እርጎ እንጠጣ፤ ማታ ሽሮአችንን ወይም ምስራችንን በእንጀራ እንብላ፤ እንቅልፋችንንም እንተኛ። የተረፈው ወተት በቤታችን ላሉት ታናናሾች ይሁን። ይህን አሳቤን የሚቃወም ጓደኛ ቢኖር፣ በመጪው ዓመት መጽሔት መልሱን ጽፎ ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።